ከሌሊቱ አሥር ሰዓት

«እናንተ! አልሄዳችሁም እንዴ?»

የቤቱ አከራይ እማማ ዘነበች በሩን በመጥረጊያቸው እጀታ ሲያንኳኩ አዛለች ዓይኗን ገለጠች። በመስኮቱ መዝጊያ ክፍተት የገባው ብርሃን፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የድሮ ጋዜጣ እስኪነበብ ድረስ ክፍሏን ሞልቶታል። ከውጭ ወደ ቅዳሜ ገበያ የሚወርድ ሰው ድምፅና የአህያ ኮቴ ይሰማል። ወለሉ ላይ ካነጠፈችው ፍራሽ ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው አልጋውን ነው። ልጇ እየሩስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዋ ስባ ገና ተኝታለች። እየሩስ በዚያን ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ባሕር ዳር ለፈተና ልትቀመጥ ነበር። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ከሁለት ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ መኪናው እስኪሞላ የሚጠበቀው ሳይቆጠር።

«ስንት ሰዓት ሆነ እማማ?»

«አሥራ ሁለት ከአርባ አልፏል እኮ። እኔማ ሄዳችኋል ብዬ ግቢውን ስጠርግ ቆየሁ። ኋላ ጫማችሁን ደጅ ላይ ባየው ጊዜ ደነገጥኩ።»

እየሩስ ብድግ ብላ ተቀመጠች። ብርሃኑን አየች፣ እናቷን አየች፣ ከዚያ ራስጌ በርጩማው ላይ የተቀመጠውን ስልክ አየች። አልጮኸችም። ብትጮህ ለአዛለች ይቀላት ነበር። «ሞልቼዋለሁ አላልሽም?» አለች ብቻ፣ ሱሪዋን እየሳበች። «ሞልቼው ነበር፤ ማርያምን ሞልቼው ነበር። አልጮኸም» አለች አዛለች። ስልኩን አንስታ ሳታየው ቦርሳዋ ውስጥ ወሸቀችው፤ ነጠላዋን በአንድ እጇ፣ የልጇን የትምህርት ማስረጃ የያዘውን ፌስታል በሌላው አፈፍ አድርጋ ወጣች። ከማታ ጀምሮ በቴርሞስ የተቀመጠው ሻይና በጨርቅ የጠቀለለችው ዳቦ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ቀረ።

እየሩስ በሂሳብ አያያዝ ከተመረቀች ሁለት ዓመት አልፏታል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ማስታወቂያ ከተለጠፈበት ሰሌዳ ሁሉ ሥር ቆማለች፤ ማመልከቻ ያላስገባችበት መሥሪያ ቤት የለም ማለት ይቻላል። አንድ ባንክ ለፈተና ከጠራቸው መካከል ስሟ ሲወጣ ያሳደገቻት አክስቷ ወርቅነሽ እልል ብላ ነበር። ወርቅነሽ የአዛለች ታላቅ እህት ናት። አዛለች ኩዌት ስትሄድ እየሩስ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ቆይታ ስትመለስ ያገኘችው ሃያ ዓመት የሞላት፣ ወርቅነሽን «እማ» የምትል፣ እሷን ግን እንደ ሰፈር ሰው «አዛሉ» ብላ የምትጠራ ልጅ ነው። ከተመለሰች ሦስት ዓመት ሆናት። ሆቴል ውስጥ አንሶላና ፎጣ ታጥባለች፤ አንዲት ክፍል ተከራይታለች፤ በእነዚህ ሦስት ዓመታት ልጇ እዚያች ክፍል አንድ ቀን አድራ አታውቅም። ወርቅነሽ በመጀመሪያ «ዓርብ ትሂድና እዚያው አልጋ ይዛ ትደር» ብላ ነበር። አዛለች ናት የተከራከረችው። «ለምን መቶ ሰማንያ ብር ለአልጋ ታወጣለች? ሴት ልጅ ብቻዋን ምን ልትሆን? እኔ ጋ ትደር፤ ለመናኸሪያው ቅርብ ነኝ። አሥር ሰዓት እቀሰቅሳታለሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት የመጀመሪያው መኪና ላይ ትሆናለች።» ወርቅነሽ «እንዳትተኚ ብቻ» አለች። አዛለች ሳቀች። ኩዌት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት በስልክ ጩኸት ተነስታ የሰው ልጆችን ለትምህርት ቤት ስታዘጋጅ አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም።

መናኸሪያው ሲደርሱ አንድ ሚኒባስ ግማሹ ሞልቶ ቆሟል። አዛለች ኮንትራት የሚሄድ መኪና ብትጠይቅም አላገኘችም። ረዳቱ «ወረታ፣ ሐሙሲት፣ ባሕር ዳር» እያለ ሲጣራ፣ የገበያው ሰው ሁሉ ወደ ከተማው ይገባል እንጂ ከከተማው የሚወጣ አልነበረም። እየሩስ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የፈተና መግቢያ ወረቀቷን አጥፋ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች። የራሷ ስልክ ሞቷል፤ ባትሪው ካረጀ ቆይቷል፣ ሶኬት ላይ ካልዋለ አያድርም፤ ማታ ደግሞ መብራት አልነበረም። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን መኪናው ተነሳ። አዛለች ከልጇ ጎን ተቀምጣ፣ በየመታጠፊያው ትከሻቸው ሲነካካ እየሩስ ወደ መስኮቱ ጥግ ስትሸሽ ይሰማታል። ወረታ ላይ ሁለት ሰው ወርዶ ሁለት ሰው እስኪጫን ሩብ ሰዓት ቆሙ። እዚያ እየሩስ ከፊቷ የተቀመጠውን ሰው ሰዓት ጠየቀችው። «ሦስት ሊሆን ነው» አላት። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ዳግመኛም አላወጣችውም።

«ይለመናሉ፤ እኔ እለምናቸዋለሁ» አለች አዛለች።

ፈተናው የሚሰጥበት ግቢ ደጃፍ ላይ የደረሱት አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። የብረቱ በር ተዘግቷል። ጥላው ሥር ልጆቻቸውን የሚጠብቁ አንዳንድ ወላጆችና ሰው የሚጠብቁ የባጃጅ ሾፌሮች ተቀምጠዋል። ጥበቃው ጠና ያለ፣ ትሁት ሰው ነበር። «እናቴ፣ በሩ የተዘጋው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው» አለ። «ከዚያ በኋላ አንድ አምስት የሚሆኑ መጥተው መልሻለሁ። የእኔ ሥልጣን ቢሆን ማንን እጠላለሁ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው ወንድሜ። እሷ ምንም አላጠፋችም። እኔ ነኝ የቀሰቀስኳት… ያልቀሰቀስኳት ማለቴ ነው። እስቲ አንድ ኃላፊ ጥራልኝ፤ እግሩ ሥር ወድቄ ልንገረው።»

ጥበቃው ገብቶ አንዲት ወጣት ሴት ይዞ ወጣ። ሴትየዋ እጇ ላይ የስም ዝርዝር ይዛለች። የእየሩስን ስም ፈልጋ በእስክሪብቶ ጫፍ ነካችው፣ አንገቷንም ነቀነቀች። «አለች» አለች፣ «ስሟ አለ። ግን ወይዘሮ፣ አሁን ብትገባስ ምን ልትሠራ? የቀረው ግማሽ ሰዓት ነው። ዘግይቶ የመጣ አታስገቡ ተብለናል፤ ባስገባት ደግሞ የተመለሱት ምን ይላሉ?» አዛለች ጉልበቷን ማጠፍ ጀመረች። ኩዌት በነበረችበት ቤት ስታጠፋ እንዲህ ታደርግ ነበር፤ ሰውነቷ ያንን አልረሳውም። ወጣቷ ሴት ደንግጣ ክንዷን ያዘቻት። «ኧረ እባክሽ እናቴ፣ ተነሽ» ስትል፣ ያኔ ነው ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ስልክ በአውራ ዶሮ ድምፅ የጮኸው።

አዛለች የመረጠችው ድምፅ ነው፤ እንቅልፍ የከበደውን ሰው እንዲቀሰቅስ ብላ። በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ ጸጥ ባለ ግቢ ደጃፍ ላይ ዶሮው አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ከባጃጅ ሾፌሮቹ አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አዛለች ቦርሳዋን ስትፈትሽ ፌስታሉ ከእጇ ወደቀ፤ የእየሩስ ዲፕሎማ ግልባጭ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ስልኩን አግኝታ እስክታጠፋው ዶሮው አላረፈም። እየሩስ ወረቀቶቿን ከመሬት ለቀመች፤ አቧራቸውን አራገፈች፤ ከዚያ እናቷን ቀና ብላ አየቻትና፣ «አሁን ነጋልሽ?» አለቻት።

ወዲያው ተመልሰው መሄድ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን እየሩስ ከአጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አዛለች ጥቂት ራቅ ብላ ቆመች። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን በሩ ተከፍቶ ተፈታኞቹ እየተንጫጩ ወጡ። ከመካከላቸው የእየሩስ የትምህርት ቤት ጓደኛ ትዕግሥት ነበረች። «አንቺ! የት ጠፋሽ? ስልክሽ ዝግ ነው፤ ውስጥ በዓይኔ ስፈልግሽ ነበር። አንቺ ያስረዳሽኝ ሁሉ መጣ እኮ! እንዳለ እሱ ነው የመጣው!» ብላ ከተናገረች በኋላ ነው የጓደኛዋን ፊት ያየችው። አፏን በእጇ ያዘች። አዛለች ቀረብ ብላ፣ «ከባድ ነበር እንዴ ልጄ?» ስትላት፣ ትዕግሥት መሬት መሬት እያየች፣ «አዎ እትዬ፣ በጣም ይከብዳል» አለች። ትዕግሥት ባሕር ዳር ያለች እህቷ ጋ ምሳ እንዲበሉ ለመነቻቸው፤ እየሩስ እምቢ አለች።

ሲመለሱ እየሩስ ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ለብቻዋ ተቀመጠች። አዛለች መጨረሻ ወንበር ላይ፣ የዘር ድንች በማዳበሪያ ጭኖ ከሚሄድ አንድ ገበሬ አጠገብ ቦታ አገኘች። ሐሙሲትን እንዳለፉ ሰውየው ወደ እሷ ዞር ብሎ፣ «እቴ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አላት።

ስልኩን አውጥታ አየችው። «አሥራ ሁለት ከሩብ።»

«በዚህ ፀሐይ?» ሰውየው ሳቀ። «የፈረንጁ ይሆናላ! ስድስት ከሩብ በይኛ።»

አዛለች ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ስልኳ ሁልጊዜ በአበሻው አቆጣጠር ነበር። ከኩዌት እንደተመለሰች ራሷ ናት ያስተካከለችው፤ ሰዓት ስትናገር ሰው እየሳቀባት ስለተቸገረች። ታዲያ መቼ ተለወጠ? አሥር ሰዓት ብላ የሞላችው ጩኸት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የጮኸው ለዚህ ነው፤ በፈረንጁ ያ ሰዓት አሥር ነው። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አላት፤ ጠዋት ከነቃች ጀምሮ በድንጋጤ የረሳችው። ሌሊት ነቅታ ነበር። ምንም ሳይቀሰቅሳት፣ ሰውነቷ በለመደው ሰዓት ነቅታ፣ ስልኩን አንስታ አይታው ነበር። አራት ከአምስት ይላል። ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ ገና አንድ ሰዓት ብንተኛ ነው፣ ብላ አሰበች። ተነስታ ከአልጋው ላይ የወረደውን ብርድ ልብስ ለልጇ አስተካከለችላት፤ በጨለማው ቆማ ትንፋሿን አዳመጠች። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ልጇ ተኝታ ስትተነፍስ የሰማችው ያን ሌሊት ነው። ደስ ብሏት፣ ገና ረጅም ሌሊት አለን ብላ ተመልሳ ተኛች። ለካ ያኔ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከአምስት ነበር። ልጇን ለመቀስቀስ ልክ በሰዓቱ ተነስታ፣ አልብሳ አስተኝታታለች።

ማን እንደለወጠውም መጣላት። ማታ መብራት ሲጠፋና የእየሩስ ስልክ ሲሞት፣ እየሩስ እጇን ዘርግታ፣ «አዛሉ፣ ስልክሽን ትንሽ ልየው? ትዕግሥት ጥያቄ ልካልኛለች» አለቻት። ቴሌግራሙ አልከፍት ብሎ ነበር። «የስልክዎ ሰዓት ትክክል አይደለም ይላል» ብላ ለራሷ አጉረመረመች፤ አንድ ሁለት ቦታ ነካ ነካ አደረገች፤ ተከፈተላት፤ ማንበቧን ቀጠለች። አዛለች ያኔ ሻማውን ይዛላት አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ልጇ በእሷ ስልክ ስትጠቀም ማየቱ ብቻ በቂዋ ስለነበር ምን እንደነካች ልብ አላለችም። እየሩስም ልብ አላለችም። ሐሳቧ ሁሉ ፈተናው ላይ ነበር።

ከፊት የልጇ ራስ ይታያታል፤ መስታወቱ ላይ ተደግፎ፣ መኪናው በነጠረ ቁጥር አብሮ የሚነጥር። ተነስታ ሄዳ ልትነግራት ትችላለች። «እኔ አይደለሁም፤ ሰዓቱን የለወጥሽው አንቺ ነሽ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተጫነው ነገር ይቀልላት ነበር። ወንበሩን ይዛ ብድግ ልትል ምንም አልቀራትም። ግን እየሩስ እንዴት ያለች ልጅ እንደሆነች ታውቃለች። አብራት ኖራ ሳይሆን በስልክ ሰምታ። እየሩስ አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ፣ ስትጠብቀው የነበረ የወርቅነሽ ጥጃ ገደል ገብቶ ሞተ። ማንም አልተቆጣትም። እሷ ግን አንድ ወር ሙሉ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች፤ በረቱ ውስጥ ከከብቶቹ ጋር እየተኛች፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አጣች። ወርቅነሽ ኩዌት ደውላ እያለቀሰች፣ «ይህች ልጅ ራሷን ይቅር ማለት አታውቅም» ያለቻት ትዝ ይላታል። አዛለች ያኔ የሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ከመጫን ሌላ ያደረገችው የለም።

ተመልሳ ተቀመጠች። ስልኩን ነጠላዋ ሥር አድርጋ፣ ገበሬው እንዳያይ ጎንበስ ብላ፣ ሰዓቱ የሚስተካከልበትን ቦታ ፈለገች። ሁለት ጊዜ ተሳስታ ወጣች። በሦስተኛው አገኘችው፤ አሥራ ሁለቱን ወደ ስድስት መለሰችው። ከዚያ ስልኩን አጥፍታ እንደገና አበራችውና አረጋገጠች። ገበሬው «አስተካከልሽው?» ሲላት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ወርቅነሽ ደጅ ላይ ቆማ ነበር የጠበቀቻቸው። ቤቷ ውስጥ ሶፋው የበዓል ልብሱን ለብሷል፤ ቡና እንዲጠጡ የጠራቻቸው ሁለት ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። እየሩስ ገና ከበሩ ስትገባ «እማ» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ከጠዋት ጀምሮ ያልወጣው ለቅሶ እዚያ ወጣ። ጎረቤቶቹ ነገሩ ሲገባቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው ወጡ። ወርቅነሽ የልጅቷን ጀርባ እያሻሸች በትከሻዋ ላይ አሻግራ እህቷን አየቻት።

«ምን ሆናችሁ አዛለች?»

«ተኝቼ አጠፋሁት እታለም» አለች አዛለች። ከበሩ አልራቀችም። «ጮኾ ነበር። በእንቅልፍ ልቤ አጠፋሁት መሰለኝ።»

ወርቅነሽ የልጅቷን ፀጉር ወደ ኋላ መለሰች። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «እኔ ይህቺን ልጅ ያለ ስልክ ነው ያሳደግኳት» አለች። አዛለች ጫማዋን ታያለች። እየሩስ ከአክስቷ ትከሻ ላይ ቀና አለች፤ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ፊቷ ላይ ፍርሃት የመሰለ ነገር ነበር።

«ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ለምን ጮኸ ታዲያ?» አለች። «ማታ እኮ… ቴሌግራሙን ስከፍት ሰዓቱን ነካክቼ ነበር። እኔ እንዳልሆን…»

«አልነካሽም» አለች አዛለች ፈጥና። «ምንም አልነካሽም። ስቸኩል ጠዋት ቦርሳ ውስጥ ስከተው የሆነ ቦታ ተጭኜው ነው። ይኸው፣ እይው።»

ስልኩን ዘረጋችላት። እየሩስ ተቀብላ አየችው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ሁለቱም ስምንት ከሃያ ይላሉ። መልሳ ስልኩን አየችው፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ትከሻዋ ወረደ። አዛለች ልጇ ስትገላገል አየች። ቀጥሎም የዚያው ፊት ላይ፣ ቀስ በቀስ፣ ሌላው ነገር ሲመጣ አየች።

«አንቺ ነሽ እንግዲህ» አለች እየሩስ፣ ስልኩን እየመለሰችላት።

«እኔ ነኝ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ለሰው ልጆች ተነስተሻል። ለእኔ አንድ ቀን።»

አዛለች ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወርቅነሽ «ተይ አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ናት» አለች፤ ግን ከልቧ አልነበረም። «ሌሊት የተውሽውን ልብስሽን ነገ ላምጣልሽ?» ስትል አዛለች፣ እየሩስ ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች። «እኔ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለች ወርቅነሽ። አዛለች እህቷን ጉንጯን ሳመቻት፤ ወርቅነሽም ሳመቻት፤ እንደ ልቅሶ ቤት። ከዚያ ወጣች። ከገበያ የሚመለሰው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ሆቴሉ የከሰዓቱን ፎጣ እየጠበቃት ስለነበር ወደ ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እየሩስን በግንቦት እብናት ውስጥ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር በገንዘብ ያዥነት ቀጠራት። ደሞዙ ባንኩ ከሚከፍለው ግማሽ አይሞላም። የሄደችው ሰኞ ሌሊት ነው። አዛለች የሰማችው ሐሙስ ነው፤ ወርቅነሽ ገበያ ላይ አግኝታት፣ «ነግሬሽ የለም እንዴ?» ብላ፣ እንዳልነገረቻት ሁለቱም እያወቁ፣ ነገረቻት። ማታ እማማ ዘነበች በራቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ አዛለች በፊታቸው አለፈች።

«ልጅሽ እብናት ሥራ ያዘች አሉኝ» አሏት። «እሰየው፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ሸኘሻት?»

«አዎ እማማ» አለች አዛለች፣ የበሯን ቁልፍ ከቦርሳዋ እየፈለገች። «መኪናው እስኪነሳ ድረስ ቆሜ ነበር።»